ስሙ አንድ የሆነ ግራፊክስ ካርድ በላፕቶፕ ላይ ሲዘገይ፦ ችግርና መፍትሄ ለድሬዳዋ ተጠቃሚዎች

በድሬዳዋ የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብሩ ባለሙያዎችና የሥነ ሕንፃ ተማሪዎች ላፕቶፓቸውን ይዘው ሲመጡ የሚያቀርቡልኝ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። የእነሱ ላፕቶፕም ሆነ የጓደኛቸው ዴስክቶፕ ግራፊክስ ካርድ (ምስልና ቪዲዮ የሚያሰላው ክፍል) አርቲኤክስ 3060 ይባላል፤ ታዲያ አንዱ ቶሎ የሚጨርሰው ሬንደር (የመጨረሻውን ቪዲዮ ወይም ምስል አስልቶ የማውጣት ሥራ) ሌላው ላይ ለምን ይንቀረፈፋል? ጥያቄው ተገቢ ነው። ከልዩነቱ ገሚሱ ከፋብሪካ አብሮ የመጣ በመሆኑ ምንም ቢደረግ አይጠገንም፤ ገሚሱ ግን ከሙቀት፣ ከቻርጀር ወይም ካልተስተካከለ ሴቲንግ የመጣ ስለሆነ ሊመለስ ይችላል። ሁለቱን ለመለየት ጂፒዩ-ዚ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ይበቃል፤ የካርዱን ሙቀት፣ የሚወስደውን ዋትና ፍጥነቱን የገደበውን ምክንያት ያሳያል።

ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ የሚዘገይ ከሆነ

ላፕቶፑ ገና ሳይሞቅ፣ በራሱ ቻርጀር ላይ ተሰክቶም ከዴስክቶፑ የሚያንስ ከሆነ ምክንያቱ ብልሽት ላይሆን ይችላል። የላፕቶፑ አርቲኤክስ 3060 ያሉት ኩዳ ኮሮች (ስሌቱን የሚሠሩት ጥቃቅን ክፍሎች) 3,840 ሲሆኑ የዴስክቶፑ 3,584 ናቸው፤ በቁጥር ካየነው ላፕቶፑ ይበልጣል። ነገር ግን ዴስክቶፑ እስከ 170 ዋት እንዲወስድ ሲፈቀድለት የላፕቶፑ ድርሻ እንደ አምራቹ ምርጫ ከ60 እስከ 115 ዋት ብቻ ነው፤ ሜሞሪውም በ12 ጊጋባይት ፈንታ 6 ነው። ኮሮቹ ቢበዙም የሚያንቀሳቅሳቸው ኃይል ስለሚያንስ በዝቅተኛ ፍጥነት ይሠራሉ። በአርቲኤክስ 4090 ላይ ልዩነቱ ከዚህም ይሰፋል፤ የዴስክቶፑ 16,384 ኮርና 24 ጊጋባይት ሲኖረው የላፕቶፑ 9,728 ኮርና 16 ጊጋባይት ያለው ሌላ ቺፕ ነው። የእነዚህ ካርዶች አምራች ኤንቪዲያ ቀድሞ በላፕቶፕ ካርዶቹ ስም መጨረሻ ላይ «ኤም» የሚል ፊደል ያስቀምጥ ነበር፤ በ2016 እ.ኤ.አ. በወጣው «10 ሲሪስ» በተባለው ምርቱ ላይ ፊደሉን በመተዉ ገዢው በስም ብቻ መለየት አልቻለም፤ ይህ ለገዢው የሚጠቅም ውሳኔ ነበር ብዬ አላምንም።

አርቲኤክስ 4060 ግን ሁለቱም ዘንድ 3,072 ኮርና 8 ጊጋባይት ሜሞሪ አለው። ሙሉ 115 ዋት የተፈቀደለት ወፈር ያለ ላፕቶፕ ከዴስክቶፑ ብዙም አይርቅም፤ ያው ስም በቀጭን ላፕቶፕ ውስጥ ከዚያ እጅግ ባነሰ ዋት ሲሠራ ግን ልዩነቱ በግልጽ ይታያል። እንግዲህ መፍትሄው ያለው ከግዢ በፊት ነው። ታይዋን ገበያ ወይም ሌላ ቦታ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው የካርዱን ስም ብቻ ሳይሆን የተፈቀደለትን ዋት መጠየቅ፣ ከተቻለም እዚያው ከባድ ሥራ አስጀምሮ በጂፒዩ-ዚ ማየት ይኖርበታል። ላፕቶፑ አስቀድሞ ተገዝቶ ከሆነና ሜሞሪው እየሞላ የሚያዘገይ ከሆነ የምስሎቹን ጥራት መቀነስ፣ ለቪዲዮ ቅንብር ደግሞ መጠናቸው ያነሰ የሥራ ቅጂዎችን መጠቀም ብዙ ያግዛል።

በደህና ጀምሮ ከ10 ወይም ከ15 ደቂቃ በኋላ የሚወርድ ከሆነ

በከተማችን በብዛት የማየው ይህ ምልክት ሲሆን ምክንያቱም ሙቀት ነው። በጂፒዩ-ዚ ላይ «ፐርፍካፕ ሪዝን» የሚለው መስመር የሙቀት ገደብን ካመለከተ ጥርጣሬው ይረጋገጣል። በዴስክቶፕ ውስጥ ግራፊክስ ካርዱ የራሱ ማቀዝቀዣና የራሱ ፋኖች አሉት፤ በአብዛኛው ላፕቶፕ ውስጥ ግን ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ ሙቀታቸውን የሚያወጡት በጋራ የመዳብ ቱቦዎች በመሆኑ የአንዱ ትኩሳት ወደ ሌላው ይሻገራል።

እዚህ ላይ ድሬዳዋና ሐረር ይለያያሉ። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ፣ ድሬዳዋ ደግሞ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኙ በአንድ ቀን እንኳ በሁለቱ ከተሞች ያለው ሙቀት አይገናኝም። ማቀዝቀዣው የሚስበው አየር በ10 ዲግሪ ሲሞቅ የካርዱ ሙቀትም በዚያው ልክ ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ ሐረር ላይ 77 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያሳይ ካርድ በግንቦት እኩለ ቀን በድሬዳዋ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ወደ 87 ሊጠጋ ይችላል፤ ብዙ የላፕቶፕ ካርዶች ፍጥነታቸውን መቀነስ የሚጀምሩት ደግሞ እዚያው አካባቢ ነው። ሐረር ላይ ያለ እንከን የሠራ ላፕቶፕ ድሬ ሲወርድ ቢያዘግም ተበላሽቷል ብሎ መደምደም አይገባም።

ሕክምናው ከቀላሉ ቢጀመር መልካም ነው። በመጀመሪያ ላፕቶፑን ከፍራሽ ላይ አንሥቶ ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ማድረግና ኋላውን ሁለት ወይም ሦስት ጣት ያህል ከፍ ማድረግ ይገባል፤ ፍራሽ የታችኛውን የአየር መግቢያ ሙሉ በሙሉ ይዘጋል። ቀጥሎ አቧራ ነው። የከተማችን ደቃቅ አቧራ በፋኑና በማቀዝቀዣው ክንፎች መካከል እንደ ጨርቅ ስለሚጋገር ክዳኑን ከፍቶ ማጽዳት ያስፈልጋል፤ አየር ሲነፋበት ግን ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣት መያዝ አለበት፤ አለዚያ ሊጎዳ ይችላል። ላፕቶፑ ጥቂት ዓመታት ካገለገለ በቺፑና በማቀዝቀዣው መካከል ያለው ቴርማል ፔስት (ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ደርቆ ሊሆን ስለሚችል በአዲስ ይተካ፤ ይህን ያልለመደ ሰው ለባለሙያ ቢሰጥ ይሻላል። ከዚያ በኋላም ካልበረደ ኤምኤስአይ አፍተርበርነር በተባለው ፕሮግራም የካርዱን ቮልቴጅ በጥቂቱ መቀነስ ይቻላል፤ ፍጥነቱ ሳይነካ ሙቀቱ ይወርዳል፤ ኮምፒውተሩ ከደነዘዘ ግን ቅናሹ በዝቷል ማለት ነው። እያንዳንዱ እርምጃ ለየብቻው ተወስዶ ውጤቱ በ20 ደቂቃ ሥራ ቢለካ የትኛው እንደረዳ ይታወቃል። ረጅም ሬንደርን ወደ ማለዳ ማዛወርም ምንም ወጪ የሌለው መፍትሄ ነው፤ የድሬ ሰው ከባድ ሥራውን ፀሐይ ሳትበረታ የሚጨርሰው በከንቱ አይደለም።

ቻርጀር ሲነቀል ወይም ሲለወጥ የሚወርድ ከሆነ

ባትሪ ብቻውን ለከባድ ግራፊክስ የሚያስፈልገውን ኃይል ስለማይሰጥ ላፕቶፑ ራሱ ካርዱን ይገድባል። መብራት በጠፋበት ሰዓት የተለካ ውጤት ከዴስክቶፕ ጋር ለንጽጽር ሊቀርብ አይገባም። ኦርጅናሉ ጠፍቶ በሌላ የተተካ ቻርጀርም ያንኑ ችግር ያመጣል፤ 230 ዋት የሚፈልግ ላፕቶፕ በ100 ዋት ቢሰካ ይበራል እንጂ በሙሉ አቅሙ አይሠራም። ከቻርጀሩ ጀርባ የተጻፉትን ቮልትና አምፔር በማባዛት ዋቱን ማወቅና ከላፕቶፑ ፍላጎት ጋር ማስተያየት ይቻላል።

ካርዱ ጭራሽ ያልሠራ የሚመስል ከሆነ

ሥራው እየተካሄደ የካርዱ የሥራ ጫና ዜሮ አካባቢ ከቆመ ፕሮግራሙ የሚጠቀመው ከፕሮሰሰሩ ጋር ያለውን ደካማ ግራፊክስ ነው። በዊንዶውስ የዲስፕሌይ ሴቲንግ ውስጥ «ግራፊክስ» የሚለውን ከፍቶ ለፕሮግራሙ ከፍተኛ አቅም ያለውን ካርድ መምረጥ ያስተካክለዋል። ተመሳሳይ ስሕተት በዴስክቶፕም ይደርሳል፤ የሞኒተሩ ገመድ በግራፊክስ ካርዱ ፈንታ ማዘርቦርዱ ላይ ባለው መሰኪያ ገብቶ ከሆነ ውዱ ካርድ ሥራ ፈት ሊቀመጥና ዴስክቶፑ ከላፕቶፑ አንሶ ሊታይ ይችላል። ገመዱን ነቅሎ ከታች በአግድም ወደተደረደሩት የካርዱ መሰኪያዎች ማዛወር ነው።