ሽታው ጠፋ ማለት ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም

ቆዳ ፋብሪካ ወይ ፍሳሽ ጉድጓድ ላይ የምትሰሩ ልጆች ይቺን ያዙልኝ። ያ የተበላሸ እንቁላል የሚመስለው ሽታ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ነው፣ ትንሽ ሲሆን ይከረፋል፣ ወደ 100 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ አየር 100 እጁ ማለት ነው) ሲጠጋ ግን አፍንጫን ያደነዝዛል፣ ሰውየው "እፎይ ሽታው ሄደ" ብሎ ይወርዳል፣ እዛ ጋር ነው የሚያልቀው። ከ500 በላይ ከሆነማ በደቂቃዎች ውስጥ ራስ ያስታል።

ከአየር ስለሚከብድ ታች ነው የሚተኛው፣ ስለዚህ ዲቴክተሩን (የጋዝ መለኪያውን) ጉድጓዱ አፍ ላይ ይዛችሁ ዜሮ አለ ብላችሁ እንዳትገቡ፣ በገመድ አውርዳችሁ መሃሉንም ታቹንም ለኩ። ስትሰሩም ዲቴክተሩ አይጥፋ፣ ዝቃጩ ውስጥ የታመቀው ጋዝ በአካፋ ሲነካ ነው ቡልቅ የሚለው። የአቧራ ማስክ ለዚህ ምንም አያደርግም፣ ምንም!

ቆዳ ፋብሪካ ያላችሁ ደግሞ የፀጉር ማስለቀቂያው ውሃ ሰልፋይድ አለበት፣ አሲድ ካለበት ፍሳሽ ጋር በአንድ ቦይ ከተገናኘ ጋዙ ወዲያው ይፈጠራል፣ መስመሩ መለየቱን ጠይቁ፣ አታፍሩ።

ከሁሉም በላይ ግን ጓደኛችሁ ወድቆ ብታዩ በእናታችሁ ተከትላችሁ አትዝለሉ፣ አንዱን ላድን ሲል ሁለተኛው ሶስተኛውም እዛው ይቀራል። የሚወርደው ሰው ከመጀመሪያው ቀበቶና ገመድ ታጥቆ ይግባ፣ ላይ ያለው ሰው ገመዱን ይዞ አይኑን ሳይነቅል ይቁም፣ ስልክ ሳይነካ፣ ሻይ ልጠጣ ሳይል።