ስለ «ኖና-ኤስ» ሲጻፍ የሚደጋገሙ ስህተቶች

2ኤስ9 «ኖና-ኤስ» የተባለው በሰንሰለት የሚሄድ የሶቪየት መድፍ ሲያዩት ትንሽ ታንክ ይመስላል። አፈሙዙ አጭር ነው፣ የሞርታርንም የሃዊተዘርንም (ጥይቱን ከፍ አድርጎ አርቆ የሚወረውር መድፍ) ሥራ ይሠራል፣ ከአውሮፕላን በጃንጥላ ይጣላል፣ ወንዝም በራሱ ይሻገራል። የሶቪየት አየር ወለድ ጦር እ.ኤ.አ. በ1981 ታጠቀው፤ በዚያው ዓመት አፍጋኒስታን ውስጥ ለውጊያ ዋለ፤ ሩሲያ እስከ ዛሬ ትጠቀምበታለች። ይህን ሁሉ አንድ ላይ ስለያዘ፣ ስለ ጦር መሣሪያ የሚጽፍ ወይም ቪዲዮ የሚያዘጋጅ ሰው በቀላሉ ይሳሳትበታል።

ከስህተቶቹ አብዛኞቹ የሚመጡት አንድ ቁጥር ከመዘንጋት ነው፤ ክብደቱ 8.7 ቶን ገደማ ነው። መድፉ፣ ልባሱ፣ የሚይዘው ጥይት ብዛት፣ ሁሉም የተወሰነው በጃንጥላ መውረድ ስላለበት ነው። ይህን ይዞ የሚጽፍ ሰው ብዙ አይስትም።

ታንክ ወይም ታንክ አዳኝ ብሎ መጥራት

በጣም የተለመደው ይህ ነው። ሰንሰለት አለው፣ መድፍ አለው፣ ስለዚህ «ቀላል ታንክ» ይባላል። የኖና ልባስ የአሉሚኒየም ቅይጥ ነው፤ የሚያስጥለው ከጠመንጃ ጥይትና ከፍንጣሪ ነው። ከታንክ መድፍ ወይም ከከባድ አውቶማቲክ መድፍ ፊት የሚቆም ተሽከርካሪ አይደለም። ቦታው ከግንባሩ ኋላ፣ ከኮረብታ ወይም ከሕንፃ ጀርባ ነው፤ ከዚያ ሆኖ የማያየውን ዒላማ ይመታል።

ስህተቱን የሚያባብሰው ፀረ-ታንክ ጥይትም ያለው መሆኑ ነው። አዎ፣ ከ600 ሚሊሜትር ያላነሰ ብረት ይበሳል የሚባል ጥይት አለው። ጥይቱ ግን ታንክ ድንገት ሲመጣበት ራሱን እንዲከላከልበት የተሰጠው ነው። ፍጥነቱ ከታንክ መድፍ ጥይት በእጅጉ ያነሰ በመሆኑ በሚንቀሳቀስ ዒላማ ላይ ማነጣጠር ይከብዳል። «ታንክ ለማደን የተሠራ» ብሎ መጻፍ የተሽከርካሪውን ሥራ መገልበጥ ነው።

«በተሽከርካሪ ላይ የተጫነ ተራ ሞርታር» ማለት

የኖና ጠቅላላ ብልሃት ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል።

ተራ ሞርታር አፈሙዙ ውስጡ ልሙጥ ነው፤ ቅንቡላው ከላይ በአፉ ይገባል፣ በአየር ላይ የሚያስተካክለውም የጅራቱ ክንፍ ነው። የኖና መድፍ፣ 2ኤ51፣ 120 ሚሊሜትር ሲሆን ውስጡ ጠመዝማዛ ቦይ አለው፤ የሚጎርሰውም ከኋላ ነው። አጉራሹ ጥይቱን ያቀርባል፣ በታመቀ አየር የሚሠራ መግፊያ ወደ ውስጥ ይከተዋል። ከተኩስ በኋላም የታመቀ አየር በአፈሙዙ ውስጥ ያልፍና የባሩዱን ጭስ ያስወጣል፤ አራት ሰው በጠባብ ብረት ውስጥ ሲሠራ ይህ ቅንጦት አይደለም።

ጥይቱን ቀረብ ብለው ይዩት። የመደበኛ መድፍ ጥይት በወገቡ ላይ ልሙጥ የመዳብ ቀለበት አለው። ሲተኮስ የአፈሙዙ ቦይ ቀለበቱን እየቀረጸ ያሽከረክረዋል። ለዚህ ከፍተኛ ግፊት ያስፈልጋል፤ ከፍተኛ ግፊት ደግሞ ወፍራም አፈሙዝ፣ ወፍራም የጥይት ግድግዳና ከባድ ሻሲ ይጠይቃል። የኖና ጥይት ቀለበት ግን ከፋብሪካ ሲወጣ ቦዩ ተቀርጾበት ነው። ከአፈሙዙ ቦይ ጋር ገጥሞ ይገባል፣ በዝቅተኛ ግፊትም እየተሽከረከረ ይወጣል። ግፊቱ ስላነሰ የጥይቱ ግድግዳ ሊሳሳ ቻለ፤ በተረፈው ቦታ ፈንጂ ተሞላበት።

ውጤቱን በቁጥር ማየት ይቻላል። 3ኦኤፍ49 የተባለው የኖና ጥይት 19.8 ኪሎ ይመዝናል፤ ከዚህ ውስጥ 4.9 ኪሎው ፈንጂ ነው። ለዲ-30 ሃዊተዘር ለረጅም ጊዜ ያገለገለው የ122 ሚሊሜትር ጥይት 21.8 ኪሎ ገደማ ሲመዝን የሚይዘው ፈንጂ ከ4 ኪሎ በታች ነው። ስለዚህ «120 ከ122 ስለሚያንስ ጉልበቱም ያንሳል» የሚለው ስሌት ትክክል አይደለም። የሚያንሰው የሚሄድበት ርቀት ነው።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ ሌላ ስህተት አለ፤ «አፈሙዙ ቦይ ስላለው ተራ የሞርታር ቅንቡላ አይተኩስም» ይባላል። ይተኩሳል። ባለ ክንፉ ቅንቡላ ቀለበት ስለሌለው ቦዩን ሳይነካ ያልፋል። ሐሳቡ የተወሰደበት የፈረንሳዩ ባለ ቦይ 120 ሚሊሜትር ሞርታርም ጥይት ለኖና ይሆናል። ከጠላት ጀርባ ለሚወርድ ጦር የተማረከ ጥይት መጠቀም መቻል ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን ኖናን «የፈረንሳዩ ቅጂ» ማለትም ልክ አይደለም፤ የፈረንሳዩ በመኪና የሚጎተትና በአፉ የሚጎርስ ነው፣ ኖና ግን ከኋላ የሚጎርስ፣ እንደ መድፍ በቀጥታ እይታም የሚተኩስ ነው።

ሶቪየቶች መጀመሪያ የሞከሩት ሌላ መንገድ እንደነበርም ማወቅ ይጠቅማል። 2ኤስ2 «ፊያልካ» በሚል ስም የ122 ሚሊሜትር ሃዊተዘር በቢኤምዲ (የአየር ወለዱ ቀላል የውጊያ ተሽከርካሪ) ሻሲ ላይ ለመጫን ተሞክሮ ነበር። ሻሲው የመድፉን ጫና አልቻለውም፤ ሥራው ተቋረጠ። ዝቅተኛ ግፊት ያለው መድፍ የተፈለገው ለዚህ ነው።

አንድ የተኩስ ርቀት ብቻ መጻፍ

«የኖና ርቀት 13 ኪሎሜትር ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ግማሽ እውነት ነው። ርቀቱ እንደ ጥይቱ ይለያያል። መደበኛው ባለ ቦይ ጥይት ወደ 8.8 ኪሎሜትር ይደርሳል። ወደ 13 ኪሎሜትር የሚሄደው በጉዞ ላይ በሮኬት የሚታገዘው ነው። ባለ ክንፉ ቅንቡላ ደግሞ 7 ኪሎሜትር ገደማ ላይ ይቆማል።

ብዙዎች ጨርሶ የማይጽፉት ቅርቡን ወሰን ነው። ባለ ቦዩ ጥይት ከ1.7 ኪሎሜትር በታች በተንጠልጣይ ተኩስ፣ ማለትም ወደ ላይ ወጥቶ ዒላማው ላይ በሚወርድ ተኩስ፣ አይሠራም፤ ቅንቡላው ግን እስከ 400 ሜትር ድረስ ይቀርባል። የሁለቱም ዓይነት በአንድ ተሽከርካሪ ውስጥ መኖሩ ያለ ምክንያት አይደለም። ስለ አንድ ውጊያ ሲጻፍ «ኖና 10 ኪሎሜትር ላይ ያለ ዒላማ መታ» ከተባለ፣ የተተኮሰው በሮኬት የታገዘ ወይም በሌዘር የሚመራ ጥይት መሆን አለበት። መደበኛ ጥይት ነው የሚል ጽሑፍ ካለ ቁጥሩን ደግመው ይመርምሩ።

ቱሬቱ ዙሪያውን ይዞራል ብሎ ማሰብ

ቱሬቱ፣ ማለትም መድፉን የያዘው የላይኛው ክፍል፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚዞረው 35 ዲግሪ ብቻ ነው። ዒላማው ከዚያ ውጭ ከሆነ ነጂው ሞተር አስነስቶ ተሽከርካሪውን ራሱን ማዞር አለበት፤ ከዚያም ተኳሹ ማነጣጠሩን እንደገና ይጀምራል። ኖና ሲሄድ ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ ሲተኩስ የሚያሳይ ሥዕል ካዩ ሠዓሊው ተሳስቷል።

ወደ ላይና ወደ ታች ግን ሰፊ ነፃነት አለው፤ ከ4 ዲግሪ ቁልቁል እስከ 80 ዲግሪ ሽቅብ። በአፍጋኒስታን ተራሮች የተወደደው በዚህ ነው። ቀጥ ብሎ ወጥቶ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ጥይት ከገደል ጀርባ የተደበቀን ያገኛል።

«ምድብተኞቹ ውስጡ ተቀምጠው ይወርዳሉ፣ መሬት እንደነካ ይተኩሳል»

ይህ የመጣው ከእውነተኛ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 5 ቀን 1973 በሩሲያ ቱላ ከተማ አቅራቢያ የሶቪየት መኮንኖቹ አሌክሳንደር ማርጌሎፍና ሊዮኒድ ዙዬፍ ቢኤምዲ-1 ውስጥ ተቀምጠው በጃንጥላ ወረዱ፤ እ.ኤ.አ. በ1976ም ማርጌሎፍ ከሊዮኒድ ሽቸርባኮፍ ጋር በሌላ ሥርዓት ደገመው። ሁለቱም የተደረጉት በቢኤምዲ ነው። በኖና የተለመደው አሠራር ተሽከርካሪው ለብቻው፣ ምድብተኞቹም በየራሳቸው ጃንጥላ መውረዳቸው ነው።

አወራረዱን እንደሚከተለው ይረዱት። ለኖና ከሚያገለግሉት አንዱ ፒአርኤስኤም-925 የተባለው ነው፤ አንድ ትልቅ ጃንጥላና የፍሬን ሮኬቶች አሉት። ባለ ብዙ ጃንጥላው ሥርዓት ቀስ ብሎ ያወርዳል፣ ነፋስም ሩቅ ይወስደዋል። ባለ ሮኬቱ ፈጥኖ ይወርዳል፤ ከተሽከርካሪው ወደ ታች የተንጠለጠሉ መንኪያዎች መሬት ሲነኩ ሮኬቶቹ ይቀጣጠሉና የመጨረሻውን ፍጥነት ይገድላሉ። ስለዚህ በፎቶ ላይ ከመሬቱ አጠገብ የሚታየው ጭስና አቧራ አደጋ ወይም ፍንዳታ አይደለም። «ኖና ሲወድቅ ፈነዳ» የሚል መግለጫ የሚጻፈው ይህን ባለማወቅ ነው።

ከወረደ በኋላም ሥራ አለ። ምድብተኞቹ ተበትነው ስለሚያርፉ ተሽከርካሪያቸውን በሬዲዮ ምልክት ፈልገው ያገኙታል። ማሰሪያዎቹን ይፈታሉ፣ የጃንጥላውን ዕቃ ያነሳሉ፣ ሻሲውን ያነሳሉ፣ ሞተር ያስነሳሉ፣ መድፉን ከጉዞ መቆለፊያው ያላቅቃሉ። ከዚያ ያሉበት ቦታና አቅጣጫ መታወቅ አለበት፤ ለዚህም 1ቪ119 «ሬኦስታት» የሚባል የተኩስ መቆጣጠሪያ ተሽከርካሪ አብሮ ይወርዳል። ዒላማ የሚያይለት ሰውና አቅጣጫው ሳይኖረው ኖና 25 ጥይት የያዘ ብረት ብቻ ነው።

የጥይቱን ብዛት አለማስላት

በመደበኛው ሞዴል የሚጫነው 25 ጥይት ነው። በደቂቃ ከ6 እስከ 8 ቢተኩስ በሦስት ወይም በአራት ደቂቃ ባዶ ይሆናል። «ሌሊቱን ሙሉ ደበደበ» ተብሎ ሲጻፍ ጥይት የሚያመላልስ ሌላ ተሽከርካሪ እንደነበር መጠየቅ ይገባል። የአየር ወለድ ጦር ዋና ጭንቀት ሁልጊዜም ይኸው ነው።

«በውኃ ላይ ይሄዳል» ሲባል እንደ ጀልባ መገመት

ኖና ይንሳፈፋል፣ ከኋላው ባሉ ሁለት የውኃ መግፊያዎችም ወደ 9 ኪሎሜትር በሰዓት ይሄዳል። ይህ ለወንዝና ለሐይቅ ነው። ከመግባቱ በፊት በአፍንጫው ላይ ያለው የማዕበል መከላከያ ሰሌዳ ይነሳል፣ የውኃ ማውጫ ፓምፖች ይከፈታሉ፣ የታችኛው ክፍል መዝጊያዎች ይፈተሻሉ። ሰሌዳው ሳይነሳ የገባ ተሽከርካሪ ውኃው በአፍንጫው ላይ ይወጣበታል።

ሁለተኛው ስሌት ስለ ጅረቱ ነው። 9 ኪሎሜትር በሰዓት ማለት 2.5 ሜትር በሰከንድ ነው። 100 ሜትር ስፋት ያለውን ወንዝ አፍንጫውን ቀጥ አድርጎ ለመሻገር 40 ሰከንድ ይፈጅበታል። ጅረቱ በሰከንድ 1.5 ሜትር ቢሄድ በነዚያ 40 ሰከንዶች ውስጥ 60 ሜትር ወደ ታች ይወስደዋል። ስለዚህ መውጫው ከመግቢያው ፊት ለፊት ሳይሆን ዝቅ ብሎ መመረጥ አለበት፤ ያውም ገደል ያልሆነና ጭቃው የማይውጥ። በካርታ ላይ ቀጥ ያለ ቀስት ሥሎ «እዚህ ተሻገሩ» የሚል ሰው ይህን ረስቷል።

ዘመዶቹን ከእሱ ጋር መቀላቀል

«ኖና» የሚለው ስም ለብዙ መሣሪያ ተሰጥቷል። 2ቢ16 «ኖና-ካ» በመኪና የሚጎተት ነው። 2ኤስ23 «ኖና-ኤስቪካ» በቢቲአር-80 (የወታደር ማጓጓዣ ብረት ለበስ) ላይ የተሠራ፣ ስምንት ጎማ ያለውና 14.5 ቶን የሚመዝን ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1990 ለእግረኛ ጦር የተሰጠ ነው፤ በጃንጥላ አይጣልም። 2ኤስ31 «ቬና» በቢኤምፒ-3 (የእግረኛ ጦር የውጊያ ተሽከርካሪ) ሻሲ ላይ ያለ፣ ከ19 ቶን በላይ የሚመዝን፣ ቱሬቱም ዙሪያውን የሚዞር ነው። አዲሱ 2ኤስ42 «ሎቶስ» ለአየር ወለድ የታሰበ ቢሆንም ክብደቱ 18 ቶን ይደርሳል፤ ሻሲውም የቢኤምዲ-4ኤም ነው። ከነዚህ የአንዱን ቁጥር ወስዶ ለሌላው መስጠት በየጊዜው የሚታይ ስህተት ነው። የተሻሻለው 2ኤስ9-1ኤም ያለውን ኮምፒውተርና የሳተላይት አቅጣጫ ጠቋሚ ለ1981ዱ ሞዴል መስጠትም እንዲሁ።

በፎቶ ለመለየት መጀመሪያ ሻሲውን ይዩ። ኖና-ኤስ የተሠራው በቢቲአር-ዲ (የአየር ወለዱ ወታደር ማጓጓዣ) ሻሲ ላይ ስለሆነ በየጎኑ ስድስት የሰንሰለት ጎማዎች አሉት፤ ቢኤምዲ-1 ግን አምስት ነው ያለው። ከዚያ የቱሬቱን አናት ይዩ፤ በኖና-ኤስ ላይ መትረየስ የለም፤ በኖና-ኤስቪካ የአዛዡ መስኮት ላይ ግን አለ። ቁመቱ አያታልልዎ። ሻሲው በነጂው ትእዛዝ ከመሬት ከ10 እስከ 45 ሴንቲሜትር ከፍና ዝቅ ስለሚል፣ ያው አንድ ተሽከርካሪ በአንዱ ፎቶ ሆዱ መሬት ሊነካ የደረሰ፣ በሌላው ደግሞ ቆመት ያለ ሆኖ ይታያል።