ዘይት የነካው የቆዳ ቦርሳ
ከድሬዳዋው ቀፊራ ገበያ የተገዛ ትኩስ ሳምቡሳ ወረቀቱን አልፎ የቆዳ ቦርሳዎን በዘይት ቢያርስብዎት፣ ውሃና ሳሙና ይዘው አይሩጡ። ውሃ ዘይቱን አያነሳም፤ የራሱን ምልክት ይጨምርበታል እንጂ። በደረቅ ጨርቅ ጫን ጫን እያደረጉ ያድርቁት። ማሸት የለም፣ እድፉን ያሰፋዋል። ከዚያ የበቆሎ ስታርች ወይም የሕፃናት ፓውደር ወፈር አድርገው ነስንሰውበት ይደር። ጠዋት ዱቄቱ ዘይቱን ጠጥቶ ቋጠር ቋጠር ብሎ ያገኙታል፤ በለስላሳ ብሩሽ ያራግፉት። የቆየ እድፍ ከሆነ ይድገሙት።

ላብ ጫማ ላይ የሚተወውን ነጭ መስመር የድሬዳዋ ሰው መቼም ያውቀዋል። ለእሱ ነጭ አቼቶ በእኩል ውሃ አቅጥነው፣ ጨርቅ ነክረው፣ በደንብ ጨምቀው ይጥረጉት።

በረኪና አይታሰብ! ቀለሙን ይዞት ይሄዳል። ፀሐይ ላይ ማስጣትም ያው ነው፤ የድሬ ፀሐይ ቆዳውን አድርቆ ይሰነጥቀዋል። ጥላ ውስጥ ነፋስ ይምታው፤ ሲደርቅ ቀለም የሌለው የጫማ ቅባት ትንሽ ይቀቡት። ፊቱ ሻካራ የሆነ ቆዳ ግን ቅባት አይንካው። አቼቶውንም ሆነ ቅባቱን አስቀድመው በማይታይ ጥግ ላይ ይሞክሩት፤ ቀለም የሚለቅ ቆዳ በገበያው ሞልቷል።