ተልባን ቅባቱ ሳይባክን እንዴት እንደምናዘጋጅ

አባቴ ኮሌስትሮሉ ከፍ ብሏል የተባለ ሰሞን ቤታችን ውስጥ ቅባት የሚባል ነገር ጠፋ። ጎመኑ በውሃ ብቻ ተቀቀለ፤ ሽሮውም ያለ ዘይት ተሠራ። አባቴ ሁለት ጉርሻ ጎርሶ ከማዕዱ ይነሳ ጀመር። ለቀጣዩ ቀጠሮ አብሬው ስሄድ ሐኪሙ ምን ምን እንደሚበላ ጠየቀው። ሰምቶ ሲጨርስ ወደ እኔ ዞረና «ቅባት አታጥፉበት፤ ቅባቱን ቀይሩለት» አለኝ።

ነገሩን ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው። ቫይታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ በደንብ ወደ ሰውነት የሚገቡት ቅባት ሲኖር ነው። ጎመኑ ያለ ዘይት ሲቀርብ ከውስጡ ካሉት ከእነዚህ ቫይታሚኖች ብዙው ሳንጠቀምበት ያልፋል። አንጎልም፣ ሆርሞንም፣ የሕዋሳት ሽፋንም ቅባት ይፈልጋሉ። ዋናው ጥያቄ የትኛው ቅባት የሚለው ነው። ጠዋት በብርድ ረግቶ የምናገኘው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ የሚረጋ፣ ኮሌስትሮል ከፍ የሚያደርግ ቅባት ነው። ቅቤ ከዚያም ይበልጣል። የኑግ ዘይት በአብዛኛው የማይረጋ ነው፤ እኛም ለወጥ ወደ እሱ ዞርን።

ተልባ ግን የተለየ ነው። ሰውነታችን ራሱ ሊሠራው የማይችለው፣ ከምግብ ብቻ የሚገኝ፣ ኦሜጋ 3 ከሚባለው ጠቃሚ ቅባት አንድ ዓይነት አለ፤ አልፋ ሊኖሌኒክ አሲድ ይባላል። የተልባ ዘይት ከግማሽ በላዩ ይኸው ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ 7 ግራም ያህል ይመዝናል፤ 1.6 ግራም ገደማ ኦሜጋ 3 ይሰጣል። ለአዋቂ ወንድ በቀን የሚመከረው ይህን ያህል ነው፤ ለሴት 1.1 ግራም። ዓሣ ውስጥ ያለው ኦሜጋ 3 ሌላ ዓይነት ነው፤ ሰውነት ከተልባው ወደዚያ የሚለውጠው ጥቂት ብቻ ነው። ስለዚህ ዓሣ የምትበሉ ዓሣውን አትተዉ።

አሁን ወደ ሥራው።

ተልባውን በሰፌድ አበጥሩት፤ ጠጠሩን ልቀሙ። አትጠቡት። እኔ ንጹሕ ላድርገው ብዬ አንዴ ግማሽ ኪሎ አጠብኩ። ውሃ እንደነካው ዝልግልግ ብሎ እርስ በርሱ ተጣበቀ። ፀሐይ ላይ ባሰጣው ደግሞ እንደ ድንጋይ ሆነ። ሁሉንም ደፋሁት።

ቀጥሎ ማመስ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ እኔም ሦስት ጊዜ አሳርሬያለሁ። ተልባ ትንሽ ናት፤ ሆዷ ደግሞ ዘይት ነው። እሳቱ ከበዛ ውጭዋ ሳይለወጥ ውስጧ ያርራል። ቡና ስትቆሉ መልኩን አይታችሁ ታወርዳላችሁ፤ ተልባ ግን ድሮም ቡናማ ስለሆነች በዓይን አትያዝም። የመጀመሪያ ጊዜ መልኳ እስኪለወጥ ጠበቅሁ። ስፈጫት መራራ ሆነች፤ ሽታዋም እንደተቃጠለ ዘይት ነበር።

ያዳነችኝ አክስቴ ናት። አጠገቤ ቆማ «አይንሽን ተይውና ስሚው» አለችኝ። «ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ» የሚባለው ያለ ነገር አይደለም፤ ተልባ በእርግጥ ትንጫጫለች። ምጣዱን በለስላሳ እሳት አሙቁ። ተልባውን ስስ አድርጋችሁ አፍስሱ፤ በአንድ ጊዜ ሁለት የቡና ሲኒ ይበቃል። ከበዛ የታችኛው ሲያርር የላይኛው ጥሬ ነው። ከዚያ እጃችሁ ሳያርፍ አማስሉ። መጀመሪያ ዝም ትላለች። ቆይቶ አንድ ሁለት ጠብ ጠብ የሚል ድምፅ ይመጣል። ቀጥሎ መንጣጣት ትጀምራለች፤ አንዳንዷ ከምጣዱ ዘልላ ትወጣለች። መዓዛዋ ያን ጊዜ ይመጣል፤ የተቆላ ለውዝ ይመስላል። አንድ ሁለት ፍሬ አንስታችሁ በጥርሳችሁ ስበሩ። ቀጭ ካለች ደርሳለች፤ ከተለጠጠች ትንሽ ይቀራታል።

እንደደረሰች ሰከንድ ሳታባክኑ ወደ ሰፌድ ገልብጡ። እሳቱን አጥፍቶ ምጣዱ ላይ መተው አይሆንም። በተለይ የሸክላ ምጣድ ሙቀቱን ስለሚይዝ ተልባዋ ማረሯን ትቀጥላለች። ሁለተኛው ጥፋቴ ይህ ነበር፤ ስልክ ላነሳ ሄጄ ነው። ሦስተኛው ደግሞ እሳቱን ከፍ አድርጌ ቶሎ ልጨርስ ያልኩበት ቀን ነው። ለማመስ ከስስ መጥበሻ ወፈር ያለ ብረት ምጣድን እመርጣለሁ፤ ሙቀቱ እኩል ነው። ማመሱን መዝለልም አልመክርም። ጥሬ ተልባ ውስጥ ሳያናይድ የሚባል መርዝ ሊያወጡ የሚችሉ ነገሮች አሉ፤ ሙቀት ይቀንሳቸዋል።

ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ አይፈጭ፤ ትኩሱ መፍጫው ላይ ይለጠፋል። ሙቀጫ ካላችሁ እሱን የሚያህል የለም። በቡና መፍጫም ይሆናል፤ ግን አጠር አጠር እያደረጋችሁ፣ እያሳረፋችሁ ፍጩ። ሳይፈጭ የተበላ ተልባ ቅርፊቱ ስለማይሰበር እንደገባ ይወጣል፤ ቅባቱም አብሮት ይሄዳል።

የሳምንቱን ብቻ ፍጩ። እኔ በጾም ወቅት ሁለት ኪሎ ፈጭቼ በላስቲክ አስሬ ከምድጃው በላይ ካለው መደርደሪያ አስቀመጥኩ። ወር ሳይሞላው የከረመ ዘይት ሸተተኝ። ኦሜጋ 3 በአየር፣ በብርሃንና በሙቀት ቶሎ ይበላሻል፤ ሲፈጭ ደግሞ ቅርፊቱ ስለማይጠብቀው ይብሳል። እንዲህ ከሸተተ ወይም ከመረረ ጣሉት። ክዳኑ የሚገጥም ብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ አድርጋችሁ ፍሪጅ ውስጥ አኑሩት።

አጠቃቀሙ ላይ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ብዙ ቤት ተልባው በውሃ ይበጠበጥና ሲረጋ ላይ ላዩ በማር ይጠጣል፤ አተላው ይደፋል። ላይ የቀረው ዝልግልጉ ነው፤ እሱም ለሆድ ጥሩ ነው። ቅባቱ ግን በአብዛኛው ከታች ካለው ዱቄት ጋር ነው የሚቀረው። በጥብጣችሁ ከነአተላው ጠጡት። ፍትፍት ከሆነ ይህ ችግር የለም፤ በውሃ፣ በጨው፣ በቀይ ሽንኩርትና በቃሪያ አሹት፣ እንጀራ ፈትፍቱበት።

በቀን ከአንድ እስከ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ጥሩም ቢሆን ቅባት በግራም 9 ኪሎካሎሪ ነው፤ ስለዚህ ከሌላው ዘይት ቀንሱለት። ብዙ ውሃም ጠጡበት። ዝልግልጉ መድኃኒት በደንብ እንዳይሠራ ሊያግድ ስለሚችል አንድ ላይ አይወሰዱ፤ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ። አባቴ መድኃኒቱን ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ይውጣል። ተልባውን 3 ሰዓት ሲሆን ራሱ በጥብጦ ይጠጣል፤ ብርጭቆው ግርጌ የቀረችውን ደግሞ በማንኪያ ጠርጎ ይጨርሳታል።