ቤተሰብ ይዞ ባሌ ተራሮች መውጣት፦ መስከረም ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

አዲስ ዓመት ሲቃረብ ከቤተሰቡ አንዱ ይነሳና «ዘንድሮስ ልጆቹን ራቅ ያለ ቦታ እንውሰዳቸው» ይላል። ላንጋኖ ተደጋግሟል፣ ሐዋሳም ተሰልችቷል። ስለዚህ ባሌ ይባላል። ምርጫው አሪፍ ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መስከረም 2016 ላይ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበውም በከንቱ አይደለም። ችግሩ ዕቅዱ ላይ ነው። አብዛኛው ሰው የሚያቅደው ራሱን አስቦ ነው፤ ጤነኛ፣ ጎልማሳ፣ ቀኑን ሙሉ ቢነዳ የማይሰለቸው ሰው። መኪናው ውስጥ ግን ደም ግፊት ያለባቸው እናት አሉ፣ ገና አፉን ያልፈታ ሕፃን አለ፣ ከውጭ የመጣች እህት አለች። ተራራው ላይ የጉዞውን ልክ የሚወስኑት እነሱ ናቸው።

መስከረም ጠባ ሲባል ዝናብ አለቀ ብሎ ማሰብ

አዲስ አበባ ላይ አደይ አበባ ፈክቶ ሰማዩ ሲጠራ ሰው ሁሉ ክረምቱ የወጣ ይመስለዋል። ባሌ በራሱ ሰዓት ነው የሚሄደው። እዚያ ዝናቡ እስከ ጥቅምት ሊዘልቅ ይችላል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጉምና በረዶ አብሮት ይመጣል። ይህ ማለት አትሂዱ ማለት አይደለም። አገሩ አረንጓዴ የሚሆነው በዚህ ጊዜ ነው፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ደረቅ ወቅት ደግሞ ሌሊቱ አጥንት ሰብሮ ይገባል። ማለት የፈለግኩት ዋናውን ነገር ጠዋት ላይ አድርጉት ነው። ሳነቴ፣ ማለትም ፓርኩ ውስጥ ያለው ከፍተኛ ሜዳ ላይ፣ ከሰዓት ደርሳችሁ ከመኪናው አፍንጫ በላይ ምንም ሳይታያችሁ መመለስ በጣም የተለመደ ነገር ነው።

ለዚህ ደግሞ አንድ ትርፍ ቀን ያስፈልጋል። «ቅዳሜ ሳነቴ፣ እሁድ መልስ» የሚል ዕቅድ ቅዳሜ ጠዋት ዝናብ ከጣለ አለቀለት።

ቀኑን ሳያዩ መቁረጥ

መስከረም በበዓል የተሞላ ወር ነው። መስከረም 1 አለ፣ መስቀል አለ፣ ትምህርት ቤት ይከፈታል። ብዙ ሰው የሚረሳው ግን ኢሬቻን ነው። ከመስቀል በኋላ ባሉት ሳምንታት ውስጥ ቅዳሜ አዲስ አበባ ሆራ ፊንፊኔ፣ እሁድ ቢሾፍቱ ሆራ ሀርሰዲ ይከበራል። በዚያ ቅዳሜና እሁድ ከአዲስ አበባ በቢሾፍቱ በኩል ወጥቼ በአሰላ ባሌ እገባለሁ ማለት፣ የሚዘጉ መንገዶችና ባሕር የሚያህል ሕዝብ መሃል ልጆች ይዞ መቆም ነው። በዓሉን ለማክበር ከሆነ ደስ ይላል፣ እሱ ሌላ ጉዞ ነው። ለማለፍ ከሆነ ግን ወይ ሐሙስ ውጡ ወይ ሳምንቱን አሳልፉት።

ቀኑ ከተቆረጠ በኋላም ከመነሳታችሁ በፊት እዚያው የሚኖር ሰው ጋ ደውሉ። የሆቴሉ ሰውዬም ይሁን አስጎብኚው፣ መንገዱ ሰላም መሆኑን፣ ጭቃው እንዴት እንደሆነ፣ ነዳጅ መኖሩን ጠይቁ። ባለፈው ዓመት የሄደ ጓደኛ የነገራችሁ ለዘንድሮ አይሆንም።

«እኛ ደገኞች ነን፣ ከፍታ ምን ያደርገናል»

ይሄኛው ላይ ትንሽ ልቆይበት፣ ምክንያቱም ጉዞ የሚያበላሸው በአብዛኛው ይሄ ነው።

አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጎባ 2,700 አካባቢ። እስከዚህ ድረስ ለአዲስ አበባ ሰው ብዙ ልዩነት የለውም። ከጎባ ወደ ሳነቴ ሲወጣ ግን መኪናው ቁርስ ሳይፈጭ 4,000 ሜትር ላይ ያደርሳችኋል። ሳነቴ ላይ ያለው የቱሉ ዲምቱ ተራራ ጫፍ 4,377 ሜትር ነው፣ እዚያም ድረስ በመኪና ይወጣል። አደጋው ይኸው ነው። በእግሩ የሚወጣ ሰው ሰውነቱ ቀስ እያለ ይለምዳል፣ በመኪና የወጣው ግን ሳያስበው ይደርሳል። እዚያ ከፍታ ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው 60 በመቶ ገደማ ነው።

ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም፣ ማዞር ነው። ትልቅ ሰው ይናገራል። ሕፃን አይናገርም፤ ይነጫነጫል፣ ምግብ አልበላም ይላል፣ ያስመልሰዋል፣ ያለ ወትሮው ይፈዛል። ወላጅ ደግሞ «መኪናው ነው ያስመለሰው» ብሎ ጉዞውን ይቀጥላል። ሕጉ ቀላል ነው፦ ከፍታ ላይ የመጣ ነገር ሁሉ፣ ሌላ ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስ፣ የከፍታ ነው። መድኃኒቱም መውረድ ነው። ማስታገሻ ውጦ ትንሽ እንጠብቅ፣ ፎቶ እንጨርስ አይባልም። ሰው ግራ ከተጋባ፣ ሲራመድ ከተንገዳገደ፣ ቁጭ ብሎም ትንፋሽ ካጠረው ደግሞ ያኔውኑ ወርዶ ሐኪም ቤት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ሌሊት ዲንሾ ወይም ጎባ እደሩ። ዲንሾ 3,100 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ሰውነትን ያለማምዳል፣ ብርድ ለሚፈሩት ደግሞ ጎባና ሮቤ ይሻላሉ። ሳነቴ በማግሥቱ ይሁን። እዚያም ስትደርሱ ልጆቹ ከመኪና ወርደው ሩጫ አይጀምሩ፤ ሜዳ ሲያዩ መሮጥ ስለማይቀርላቸው እጃቸውን ያዙ። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ለበዓል የመጣ ዘመድ ካለ ደግሞ ከቦሌ ቀጥታ ባሌ አይሄድም። ጥቂት ቀን አዲስ አበባ ዘመድ ይጠይቅ፣ ሰውነቱ ይልመድ።

የደም ግፊት፣ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለባቸው፣ ነፍሰ ጡሮችም ቀድመው ሐኪማቸውን ያማክሩ። እማማን «እርስዎማ ጠንካራ ኖት» ብሎ መውሰድ ፍቅር አይደለም። ሳነቴ መውጣት የለባቸውም ከተባለ ጉዞው አይቀርባቸውም። ዲንሾ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ግቢ ውስጥ ካለው ጽድና ኮሶ ሥር ወንበር ይደረግላቸው። የደጋ አጋዘኑ ሰው ስለለመደ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ቆሞ ቅጠሉን ይበላል። ከርከሮው የፊት እግሮቹን አጥፎ፣ በጉልበቱ ተንበርክኮ ሣሩን ይግጣል፣ እንደዚያው እንደተንበረከከ ወደፊት ፈቀቅ ይላል። ሳነቴ ወጥተው ጉም አይተው ከተመለሱት ይልቅ እሳቸው ብዙ የሚያወሩት ይኖራቸዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። «ለብርዱ» ተብሎ የሚያዘው አረቄ ታች ሆቴል ይቅር። አልኮል የከፍታውን ሕመም ያባብሰዋል እንጂ አያሞቅም። ውኃ በደንብ ጠጡ።

በአንድ ቀን እንገባለን ብሎ ሰዓት አለመቁጠር

ከአዲስ አበባ ባሌ ሮቤ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጉግል ማፕ የሚሰጣችሁ ሰዓት ሽንት የሚመጣበት ልጅ የለውም። ከብትም፣ ፈረስና ጋሪም አያውቅም። ጠዋት 12 ሰዓት ካልወጣችሁ የመጨረሻውን መንገድ በጨለማ ትነዳላችሁ፣ በአርሲና በባሌ ጉም ውስጥ ማታ መንዳት ደግሞ ከቤተሰብ ጋር የሚሞከር አይደለም። ከረፈደባችሁ አሰላ ወይም ዶዶላ እደሩ፣ ምንም ማለት አይደለም። ቀን በቆጂ ላይ ሻይ ለማለት ብትቆሙም ልጆቹ የሚሰሙት አያጡም፤ እነ ደራርቱ፣ እነ ቀነኒሳ፣ እነ ጥሩነሽ የወጡባት ከተማ ናት።

እዚህ ላይ አንድ ሌላ ነገር አለ። የመግቢያ ክፍያ የሚከፈለውና አስጎብኚ የሚያዘው ዲንሾ ነው። ከአዳባ ስትመጡ በመንገዳችሁ ላይ ናት። ግን ሰው ሁሉ ደክሞት «ነገ እናደርሰዋለን» ብሎ ጎባ ይገባል፤ በማግሥቱ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ተመልሶ ከፍሎ ሲመጣ ያቺ የጠዋት ሰማይ አልቃለች። ቢሮው ሳይዘጋ ዲንሾ ድረሱ፣ ጨርሳችሁ እለፉ። የውጭ ፓስፖርት የያዘ ዘመድ ካለ ክፍያው ስለሚለይ ቀድማችሁ ጠይቁ፣ በር ላይ መጨቃጨቅ አያስፈልግም።

መኪናውን አምኖ መውጣት

ትንሿ መኪና ከተማ ውስጥ ሰባት ሰው ብትችልም ዳገት ላይ አየሩ ሲሳሳ ሞተሯ ጉልበት ያጣል። ከጎባ ወደ ላይ ያለው ጠጠር መንገድ በዝናብ ጊዜ ደግሞ ያንሸራትታል። ከፍ ያለ መኪና ያስፈልጋል። ከሌላችሁ ጎባ ወይም ሮቤ ላይ ለአንድ ቀን ኮንትራት መያዝ የራስን መኪና ጭቃ ውስጥ ከመቅበር ይረክሳል። ነዳጅ ሮቤ ወይም ጎባ ላይ ይሞላ፤ ሰልፍ ሊኖር ስለሚችል ሌሊቱን ሳይሆን ከዋዜማው። ሳነቴ ላይ ማደያ የለም። ትርፍ ጎማውንም ነፋስ እንዳለው እዩት፣ ብዙ ሰው የሚያየው የፈነዳ ቀን ነው።

ሳነቴ ላይ ቀስ ብላችሁ ንዱ። መንገዱ ሜዳ ላይ ስለሆነ እግር ነዳጅ ላይ ይረሳል፣ ቀይ ቀበሮ ደግሞ በመኪና ይገጫል።

ጋቢ በቂ ነው ማለት

ጋቢ ጥሩ ነው፣ እስኪረጥብ ድረስ። ከረጠበ ሸክም ነው። የሚያስፈልገው ከውስጥ ስስ ሹራብ፣ ከላይ ወፍራም ሹራብ፣ ከሁሉም በላይ ውኃ የማያስገባ ጃኬት ነው። ለልጆች ቦቲ፣ ኮፍያ፣ ጓንት፣ ሁለት ሦስት ካልሲ ቅያሪ። ይህን ሁሉ መኪናው ጣሪያ ላይ አስራችሁ እንዳትጭኑት፤ ዝናቡ ሲመጣ ገመድ የሚፈታ የለም።

ፀሐይዋም አለች። ብርድ ስለሆነ አታቃጥልም ተብሎ ይታሰባል እንጂ ከፍታ ላይ ታቃጥላለች። የልጅ ጉንጭ ማታ እንደ በርበሬ ቀልቶ ሲያለቅስ ከማየት ክሬም መቀባት ይሻላል።

ሽንት ቤት ጎባ ላይ ተጠቀሙ። ከዚያ በላይ ሜዳ ነው፣ ለአዛውንት ሴት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ምሳ እዚያ እናገኛለን

ሳነቴ ላይ ምሳ ቤት የለም። በሶ፣ ዳቦ፣ ቆሎ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ፔርሙዝ ሻይ ያዙ። አርሲ ላይ ጭኮ ካገኛችሁ ግዙ፤ ገብስና ቅቤ ነው፣ አይበላሽም፣ ለብርድ ከሱ የተሻለ የለም። ረቡዕና ዓርብ ከሆነ ለጾመኞቹ ለብቻ ይዘጋጅ። እዚያ ላይ ምድጃ አውጥቶ ክክ ወጥ ልሥራ ማለት ግን ይቅር፤ ውኃው 87 ዲግሪ አካባቢ ላይ ስለሚፈላ ክኩ እየፈላ አይበስልም። አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ አጠገብ እሳት ማንደድማ ጭራሽ አይታሰብም፣ በቀላሉ ይያያዛል።

ካሽ ያዙ። ቴሌብር ኔትወርክ ሲኖር ነው።

ቀይ ቀበሮውን እንደ መካነ እንስሳት መጠበቅ

ልጆቹን «ቀይ ቀበሮ እናያለን» ብላችሁ ብቻ ካወጣችኋቸው ሳይታይ ሲቀር ቀኑ በለቅሶ ያልቃል። በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 ያንሳሉ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ውስጥ ናቸው። ቀን ተደብቆ የሚውል አውሬ ስላልሆነ ቀን ላይ የማየት ዕድሉ ጥሩ ነው፣ ግን ዋስትና የለም። ይልቅ ፍልፈል እንዲፈልጉ አድርጓቸው። ባሌ ላይ ብቻ የሚገኘው ትልቁ ፍልፈል ራሱን ከጉድጓዱ ብቅ አድርጎ ዙሪያውን ያለውን ሣር እያጨደ ወደ ውስጥ ይጎትታል፣ ኮሽታ ሲሰማ ጥልቅ ይላል። ቀበሮው የሚያድነው እሱን ነው፤ ፍልፈል ባለበት ዝም ብሎ የጠበቀ ሰው ቀበሮም ሊያይ ይችላል። ጅብራውም አለ፣ ከአባታቸው የሚረዝም ተክል አጠገብ ፎቶ መነሳት ይወዳሉ።

የቤት ውሻችሁን ግን ይዛችሁ እንዳትመጡ። የእብድ ውሻ በሽታና ሌሎች የውሻ በሽታዎች ቀይ ቀበሮን በጅምላ ፈጅተው ያውቃሉ። ፍርፋሪና አጥንት መጣልም ውሾችን ይጠራል።

ሁሉንም ነገር በአንድ ጉዞ መጨረስ

ሳነቴ፣ ሐረና ደን፣ ሶፍ ዑመር፣ መልስ ላይ ሐዋሳ። ይህን ሁሉ በሦስት ቀን የሚል ዕቅድ መኪና ውስጥ ተቀምጦ መዋል ነው። ሶፍ ዑመር ከሮቤ በስተምሥራቅ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ነው፤ ወይብ ወንዝ ዋሻውን ሰንጥቆ ስለሚያልፍ መስከረም ላይ ሞልቶ ሊያገኛችሁ ይችላል፣ ልጅ ይዞ አይገባም። እሱን ለበጋ ተዉት። ሐረና ግን ከሳነቴ ቀጥሎ ቁልቁል ስለሆነ ይመከራል። ደኑ ውስጥ ያለችው ሪራ መንደር ስትደርሱ ራስ ያመመው ሰው ሳይታወቀው ይሻለዋል፣ ማርና የጫካ ቡናም ይገኛል።

ወደ ዶሎ መና ቆላ የምትወርዱ ወይም መልስ ላይ ባቱ (ዝዋይ) ወይም ሐዋሳ የምታድሩ ከሆነ ደግሞ አጎበር ያስፈልጋል። ወባ የሚበረታው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። ከተመለሳችሁ በኋላ ልጅ ካተኮሰው «ብርድ መትቶት ነው» ሳትሉ አስመርምሩት፣ የት እንደነበራችሁም ለሐኪሙ ንገሩ።

መመለሻውን ደግሞ ትምህርት በሚከፈትበት ዋዜማ አታድርጉት። አንድ ቀን ለልብስ ማጠብና ለእንቅልፍ ተዉ፤ ከባሌ የሚመጣው ጭቃ በአንድ እጥበት አይለቅም።