ልጃችሁን ፖሊስ መንገድ ላይ ሲያስቆመው

የምኖረው እስራኤል ውስጥ፣ ሬሆቮት ከተማ፣ ኪርያት ሞሼ በሚባለው ሰፈር ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ቤተ እስራኤላውያንን ከኢትዮጵያ ባመጣው የሰሎሞን ዘመቻ መጥቼ ሦስት ወንድ ልጆች እዚህ ወልጃለሁ። ሦስቱንም ፖሊስ አስቁሟቸዋል፤ ታላቁማ ስንት ጊዜ እንደሆነ መቁጠሩን ትቶታል። ልጆቼን ፖሊስ ሲያስቆማቸው ምን እንደማደርግ ጎረቤቶቼ ቡና ላይ ስለሚጠይቁኝ ልጻፍላችሁ።

ከመታወቂያው ጀምሩ። 16 ዓመት የሞላው ሁሉ ይዞ የመንቀሳቀስ ግዴታ አለበት። ቦርሳ ውስጥ ሳይሆን ኪሱ ውስጥ ይሁን፤ እጁን ከመስደዱ በፊትም «መታወቂያዬን ላወጣ ነው» ብሎ ይናገር። አይሩጥ። ለምን እንዳስቆሙት ግን በጨዋ አንደበት ይጠይቅ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2021 ፖሊስ ያለ ምክንያታዊ ጥርጣሬ ሰውን አቁሞ መታወቂያ እንዲያሳይ ማስገደድ እንደማይችል ወስኗል። ጉዳዩን ፍርድ ቤት ካደረሱት አንዱ «ጠበቃ» የተባለው፣ ለቤተ እስራኤላውያን መብት የሚሟገተው የእኛው ድርጅት ነው። ይህን ልጁ ይወቀው፤ ሌሊት አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ግን አይሟገትበት። የፖሊሱን ስም ከደረቱ ላይ አንብቦ ይያዝ፤ ሙግቱ ለነገ ይደርሳል።

ጣቢያ ከወሰዱት ወዲያው ሂዱ። ከ18 ዓመት በታች ከሆነ በመሠረቱ ለወላጅ መንገር አለባቸው፤ 14 ዓመት የሞላውንም ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ንጋቱ አንድ ሰዓት መመርመር በአብዛኛው አይፈቀድም። ለሁለቱም ልዩ ሁኔታዎች ስላሉ የሕግ ጠበቃ አስጠሩ፤ ልጁም ጠበቃ ሳያነጋግር ቃል አይስጥ። አስተርጓሚም ጠይቁ። ልጆቻችን በባንክም በትምህርት ቤትም ሲያስተረጉሙልን ኖረዋል፤ በገዛ ጉዳዩ ግን አስተርጓሚ አታድርጉት። እኔ ይህን የተማርኩት ተሳስቼ ነው፤ በመካከለኛው ልጄ ጊዜ ያላነበብኩት የዕብራይስጥ ወረቀት ላይ ፈረምኩ። ለካ ልጁ ያላለውን «ብሏል» የሚል ወረቀት ኖሯል።

ዋናው ሥራ ያለው ቤት ነው። ሲገባ «ምን አጥፍተህ ነው?» አትበሉት። አስተዳደጋችን ነውና አፋችን ላይ ይመጣል፤ እኔም ብያለሁ፤ ታላቁ ልጄ ከዚያ በኋላ ለአንድ ዓመት ምንም አልነገረኝም። ሻይ አፍሉለትና ደብተር አቅርቡ። ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የመኪናውን ቁጥር፣ የተባለውን ቃል በቃል እዚያው ሌሊት ይጻፍ። ተመትቶ ከሆነ ሰንበሩን ፎቶ አንሱ፤ ሐኪምም በዚያው ቀን መዝግቦ ይስጣችሁ።

በማግሥቱ አጠገብ ያለውን ባለሱቅ ካሜራው የቀረጸውን እንዲያስቀምጥ ለምኑት፤ ከቆየ በላዩ ሌላ ይቀረጽበታል። ደማስ ፓካዳ የተባለው የእኛው ወታደር እ.ኤ.አ. በ2015 ሆሎን ከተማ ውስጥ የወታደር ልብስ ለብሶ ፖሊስ ሲደበድበው፣ የታሰረው እሱ ራሱ ነበር፤ ነገሩን የገለበጠው የካሜራ ቅጂ ነው።

ድብደባ ከሆነ አቤቱታው የሚገባው ፖሊሶችን ለሚመረምረው የፍትሕ ሚኒስቴር ክፍል፣ ለማሓሽ ነው። ስድብና ማንጓጠጥ ብቻ ከሆነ ለራሱ ለፖሊስ የቅሬታ ክፍል። የመዝገቡን ቁጥር ሳትቀበሉ አትውጡ።

የእኛ ደብተር ከስኒዎቹ ጋር በአንድ መሳቢያ ነው ያለው። ባለፈው ሳምንት ታናሹ ራሱ አውጥቶ፣ ሰዓቱንና ቦታውን ከጻፈ በኋላ ነው የቀሰቀሰኝ።