የአንድ ዓመት የወፍ ፍለጋ ዕቅድ እንዴት ይወጣል?

በኢትዮጵያ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። በአንድ ዓመት ሁሉን ማየት ስለማይቻል የትኛውን፣ በየትኛው ወር፣ የት እንደምትፈልጉ ቀድማችሁ ወስኑ። ዓመቱን ከመስከረም 1 ጀምሩት። ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የሚመጡት ወፎች መግባት የሚጀምሩት በዚያው ሰሞን ነው። ዓመቱን በፈረንጆቹ ጃንዋሪ የሚጀምር ሰው የእነሱን ወቅት ከመሃል ይቆርጠዋል።

1. ደጃፋችሁ ያሉትን መዝግቡ። አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበትን ባለ ወፍራም መንቆር ቁራና አንገቷ ላይ ነጭ ያላትን እርግብ ከቤቱ ሳይርቅ ያገኛል። ሁለቱም ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ አይገኙም።

2. የቀሩትን በወር ከፋፍሉ። ዕቅድ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። እኔ መጀመሪያ ያወጣሁት ዕቅድ በቦታ የተከፋፈለ ነበር፤ ሩቁን አስቀድሜ ቅርቡን አቆየሁ። ሱሉልታን «የትም አትሄድም» ብዬ ለጥር ተውኳት። እዚያ የምፈልገው የመስቀል ወፍ ነበር። በጥር ስደርስ ሜዳው ደርቋል። አጥሩ ላይ ሃምሳ የሚሆኑ ወፎች ሰፍረዋል፤ ሁሉም ቡናማ፣ ሁሉም ድንቢጥ መሳይ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆሜ አንዱን ከሌላው መለየት አቃተኝ። በመጨረሻ መንጋው ሲነሳ አንዱ ወገቡ ላይ ቢጫ ብልጭ አለ። የዚያን ቀን የመዘገብኩት እሱን ብቻ ነው።

በዓመት አንዴ ብቅ የሚለውን ሰው «የመስቀል ወፍ» እንለዋለን። ወፉ ግን አብዛኛውን ጊዜ የትም አልሄደም። ወንዱ ያን ቢጫና ጥቁር ቀለም የሚለብሰው ክረምት ላይ፣ ለመራባት ሲዘጋጅ ነው፤ ከመስቀል በኋላ ጥቂት ቆይቶ ያወልቀውና ሴቷን ይመስላል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ወፍ ስም አጠገብ «የት አለ» ብቻ ሳይሆን «መቼ ይለያል» የሚለውንም ጻፉ። ከዚያ ዝርዝሩን ለሦስት ክፈሉት፦ ከሐምሌ እስከ መስከረም የሚፈለጉ፣ ከጥቅምት እስከ መጋቢት የሚፈለጉ (ከሰሜን የሚመጡት ግራጫ ክሬኖች የተባሉት ባለ ረጅም እግር ወፎችና የደረቅ ሜዳ ንስሮች እዚህ ይገባሉ)፣ ዓመቱን ሙሉ የሚገኙ። የመጨረሻው ክፍል ይቆያል፤ ሐዋሳ አሞራ ገደል ዓሣ አጥማጆች ዘንድ የምትቆመው አባ ኮዳ በየትኛውም ወር ትጠብቃችኋለች።

3. ወሩን ለማወቅ ኢበርድ የተባለውን፣ ወፍ ፈላጊዎች ያዩትን የሚመዘግቡበትን ድረ ገጽ እጠቀማለሁ። የእያንዳንዱን ወፍ መታያ ወር በሰንጠረዥ ያሳያል፣ ነፃ ነው፣ ከማንኛውም ውድ መጽሐፍ በፊት እሱን እመክራለሁ። ነገር ግን ክረምት ላይ ያለውን ባዶ ቦታ አትመኑ። መዝጋቢዎቹ በብዛት ጎብኚዎች ናቸው፤ ጎብኚ ደግሞ የሚመጣው ዝናቡ ካቆመ በኋላ ነው። በሐምሌ ወፉ አልተመዘገበም ማለት የለም ማለት አይደለም። ወሮቹም የፈረንጅ ስለሆኑ ወደ እኛ ስትመልሱ ተጠንቀቁ።

4. ሩቅ ጉዞ ሁለት ይበቃል፦ ባሌና ያቤሎ። ባሌ ከጎባ ወደ ሳነቴ አምባ የሚወጣው መንገድ ከ4,000 ሜትር በላይ ያደርሳችኋል፤ ባለ ሰማያዊ ክንፉን ዝይ ረግረጉ ዳር ፈልጉት። ከያቤሎና ከሜጋ አካባቢ ውጭ በዓለም የትም የማይገኘው የስትሬስማን ቁራ ግን ከሁሉም ይበልጥብኛል። ግራጫ ነው፣ ዓይኑ ዙሪያ ያለው ቆዳ ሰማያዊ ነው፣ ከከብቶች አጠገብ መሬት እየጫረ ይውላል። የቦረና ዋና ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ስለሚዘንብ የደጋውን በጋ አስባችሁ ሚያዝያን አትምረጡ፤ ጭቃው መኪና ይይዛል። እኔ ታኅሣሥን እመርጣለሁ።

5. የማትፈልጓቸውንም ወስኑ። በ1990 እ.ኤ.አ. ነጭ ሳር ፓርክ ውስጥ ሞታ የተገኘችው ሌሊት በራሪ ወፍ ለሳይንስ የታወቀችው በአንድ ክንፏ ብቻ ነው፤ ለእሷ ብሎ የጉዞ ቀን መመደብ ልፋት ነው። በርጋ ረግረግ ክረምት ላይ የምትራባውን ትንሿን ባለ ነጭ ክንፍ ወፍ ደግሞ እባካችሁ ተዉአት። ለመጥፋት የተቃረበች ዝርያ ናት። እሷን ለማስነሳት ሣሩ ውስጥ የሚገባ ሰው ጎጆዋን ሊረግጥ ይችላል።

ባይናኩላር (ሩቁን የሚያቀርብ መነጽር) ስትገዙ 8 በ42 ይሁን፤ 8 እጥፍ የሚያቀርብ፣ የፊት መስታወቱ 42 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ማለት ነው። 10 እጥፍ የሚያቀርበው እጅ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ወፏን ሳታገኟት ትበራለች።

ጳጉሜን ላይ ምንም ጉዞ አትያዙ። በመስከረም የመስቀል ወፍ ያመለጠው ሰው ዓመቱ ሳይዘጋ እንደገና ሱሉልታ መውጣት ይችላል፤ ወንዶቹ በዚያ ሰሞን ቀለማቸውን ለብሰው ሣሩ ጫፍ ላይ ይቆማሉ።